በሰማያዊ ቮልስ ከባሕር ወለል በታች

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፤ አዲስ አበባ

መንገድ የወጣነው ከጥምቀት በኋላ ቢሆንም ለእኔ ጉዞው የተጀመረው በዚህ ዕለት፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቮልስ ብቻ በሚጠገንባት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ሰማያዊ ቮልስዋገን ናት፤ 1300 የሚባለው ዓይነት፣ ሞተሯ 1,285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት። ስድስት ዓመት ነድቻታለሁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ከኋላዋ የታክሲ ሰልፍ እያስከተለች ነው የምትወጣው። ዕድሜዋ ነው እያልኩ አዝንላት ነበር።

መካኒኩ ግን አፋር ልወርድባት መሆኑን ስነግረው ሳቅ አለና «እርጅና አይደለም፤ ትንፋሽ አጥታ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ የካርቡራተር ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህም በካርቡራተሯ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ለስሱ አየር እንድትመጥን በጠባብ ተቀይራለች። ጠባቧን እንደያዘች ቆላ ብትወርድ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ የናስ ቁራጭ ፈትቶ አወጣና ቀዳዳዋ ሰፋ ያለ ሌላ ገጠመ። የቀድሞዋን በወረቀት ጠቅልሎ «ስትመለስ ይዘሃት ና» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ወደ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሁለት የቬንትሌተር ቺንጋ (የፋን ቀበቶ)፣ አራት ካንዴላ፣ አንድ ካላማዳሪ ገዛሁ። ቮልስን የማያውቅ ሰው ስለ ቺንጋው ያለኝን ጭንቀት ላይረዳው ይችላል። ይህች መኪና ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ነው፤ ንፋሱን የሚያመጣው ፋንና ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በአንድ ቺንጋ ይዞራሉ። ቺንጋው ሲበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራል፤ ያኔ ወዲያውኑ መቆም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በረሃ ላይ ለሞተር የሚሆን ውሃ መለመን የለም፤ የተያዘው ውሃ ሁሉ የሰው ነው።

አብረውኝ የሚሄዱት የ71 ዓመቱ አጎቴ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ መጀመሪያ ኤንትሬ በሚባለው ተሳቢ የፊያት ከባድ መኪና፣ በኋላ በነዳጅ ቦቴ። በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ወደ አፋር ወርደው አያውቁም። ሐሳቤን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በሰርዶ ነው የምታልፈው?»

ሰኞ፣ ጥር 13፤ እስከ አዋሽ ሰባት

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን የአዳማን የፍጥነት መንገድ በቀኝ ረድፍ ይዘን ወረድን። አዳማ ላይ ፍርፍርና ሻይ ለሁለታችን 95 ብር። ታንኩን ለመሙላት ከ700 ብር በላይ ከፈልኩ፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንም ሞልተን ከኋላ ወንበር ሥር አሰርነው።

ለውጡ የተሰማኝ ከወለንጪቲ በኋላ ነው። ሦስተኛ ማርሽ የምትጠይቀኝ ዳገት መጣች፤ እጄን ወደ ማርሹ ስልክ መኪናዋ በአራተኛ ማርሽ ዝም ብላ ወጣች። ጋሼ ዘወር ብለው አዩኝ። ድምፁም ተለውጧል፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ጉንፋናም ሰው የሚታፈነው ሞተር ጉሮሮው ተከፍቷል። ስድስት ዓመት የኔ ናት ስላት የኖርኩትን መኪና እውነተኛ ድምፅ ያን ጠዋት ገና መስማቴ ነበር።

መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞታል። ጋሼ ትንሽ ኩሬ ሆኖ ነው የሚያውቁት። ከሐይቁ ዳር የፈንታሌ ተራራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ልክ ትናንት የቀዘቀዘ ይመስል ተከምሯል። ከዚያ መንገዱ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ሰንጥቆ ያልፋል። ሰባት ሳላዎች ቀንዳቸውን እንደ ጦር አቁመው ከአስፋልቱ ሃምሳ ሜትር ሳይርቁ ይግጡ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ቆምኩ። የዘመኑ መኪኖች መስኮታቸውን ዘግተው በዚህ ቦታ በ100 ሲያልፉ አይቻለሁ፤ አዘንኩላቸው።

ያደርነው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጎን ባለው፣ ቡፌ በሚባለው ማደሪያ ነው። የፈረንሳዮቹ ባቡር በመጀመሪያ ዘመኑ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው እዚህ ያድር ነበር። ክፍሉ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ዋጋው 350 ብር። የፍየል ጥብስ 130 ብር። አሮጌው ሐዲድ ዝም ካለ ቆይቷል፤ ቮልሷን ከአበባው ሐረግ ሥር ሳቆማት ግን ቦታው ሲጠብቃት የኖረ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14፤ ከአዋሽ እስከ ሎግያ

ከአዋሽ መውጫ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ቀኝ ሐረርና ድሬዳዋ፣ ወደ ግራ አፋር። እኛ ወደ ግራ። ከዚህ በኋላ የምታገኘው ተሽከርካሪ ከሞላ ጎደል የጅቡቲ ከባድ መኪና ነው። አንዱ ተሳቢ ሲያልፈን ንፋሱ ቀላሏን ቮልስ ወደ ዳር ይገፋታል፤ መሪውን በሁለት እጅ መያዝ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሹፌሮቹ! አንዱም ጥሩምባ ሳይነፋልን፣ መብራት ሳያበራልን አላለፈም። ጋሼ ለእያንዳንዱ እጃቸውን በመስኮት እያወጡ የድሮውን የሹፌር ሰላምታ መለሱ።

የፊት መስኮቶቹ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ማዕዘን ትንንሽ መስታወቶች ወደ ውስጥ ስታዞራቸው የበረሃውን ንፋስ ጠልፈው ደረትህ ላይ ያፈሱታል። ጥር ስለሆነ ንፋሱ ሞቃት ነው እንጂ አያቃጥልም። ደረቅ ሣርና የፍየል መንጋ አቧራ ይሸታል፤ አንዳንዴ ደግሞ አዋሽ ወንዝ ቀረብ ሲል እርጥብ ጭቃ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይታይና ይሰወራል። 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለዚህ አገር ልክ ነው። ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬን ለመያዝ አትደነግጥም፤ ከሩቅ ታያቸዋለህ፣ ትጠብቃቸዋለህ፣ እነሱም ያዩሃል።

ልቤን ያሳዘነኝ ፕሮሶፒስ ነው። አፋሮቹ «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል። በረሃነትን ይከላከላል ተብሎ የመጣው እሾሃም ዛፍ የግጦሹን ሜዳ ውጦታል። ጋሼ መንጋ ሲሰማራበት የሚያውቁት ሜዳ አሁን ፍየል እንኳ የማያሳልፍ ጫካ ሆኗል።

ገዋኔን አልፈን፣ የአያሉ ተራራ ከኋላችን ሆኖ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ። መኪናዋ እየተንሸራተተች መንገድ ዳር ቆመች። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ቀዩ መብራት ላይ ነው፤ የበራው ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ስለነበር ቺንጋው እንዳልሆነ ገባኝ። ወርጄ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ቺንጋው ደህና ነው፤ ካንዴላው ደህና ነው። ጋሼ ቀስ ብለው መጥተው መዳፋቸውን ከቤንዚን ፓምፑ በላይ ያዝ አደረጉና ወዲያው ሰበሰቡት።

«ቤንዚኑ ፈልቷል» አሉ። «ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት አይስብም። ፎጣህን አምጣ።»

ፎጣውን በመጠጥ ውሃችን ነክረው ፓምፑ ላይ ጠመጠሙት። «አሁን ተቀመጥ። ቁልፉን አትንካ፤ ባትሪህን ትጨርሳለህ።»

የሞተሩ ድምፅ ሲቆም በረሃው ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የብረቱ ቀዝቀዝ ማለት እንኳ ይሰማል። በመኪናዋ ጥላ ሥር አፈሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ አዛውንት የግመል እረኛ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው መጡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ከባድ መኪና ቆመና ረዳቱ ወረደ፤ አፋርኛ ይናገራል። ሁለቱ ተጨባብጠው በዝግታ፣ እየተቀባበሉ ይነጋገሩ ጀመር። ጋሼ «ዳጉ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሌላው ያስረክባል፤ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ መንገደኛውን። ረዳቱ ወደ እኛ ዞሮ «ወዴት እንደምትሄዱ ይጠይቃሉ» አለ። «አፍዴራ፣ ወደ ጨው ሐይቁ» አልነው። አዛውንቱ ቮልሷን ዞረው አዩዋት፤ ግንባሯን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከ25 ደቂቃ በኋላ ቁልፉን ሳዞር በመጀመሪያው ተነሣች። የጋሼን ፊት ብታዩት! ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ ቆመን ፎጣውን እያራስን ነው የሄድነው። ሚሌ ከመድረሳችን በፊት፣ ከመንገዱ በስተምዕራብ፣ ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር ይገኛል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ለቮልስ አይሆንምና ከሩቅ ተመልክተን አለፍን።

ሎግያ የሹፌር ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ከቀኑ ይበልጣል። ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል 500 ብር። እራት ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ለሁለት 180። ማደያው ላይ ናፍጣ እንጂ ቤንዚን አልነበረም። ከመንገድ ዳር ሻጮች በፕላስቲክ ጠርሙስ ሊትሩን በ30 ብር ገዝቼ በነጭ ጨርቅ አጣርቼ ጨመርኩ። አፍዴራ ደርሶ መልስ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በመካከሉ ተስፋ የሚጣልበት ቤንዚን የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 15፤ በሰርዶ ወደ አፍዴራ

ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰመራን አልፈን ሰርዶ ደረስን። ይህች ከተማ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ነበር። መንገዱ እዚህ ይለያል፤ ወደ ሰሜን አፍዴራ። ወደ ፊት የሚቀጥለው ዲቾቶ ላይ እንደገና ተከፍሎ አንዱ ወደ ጋላፊና ጅቡቲ፣ ሌላው በማንዳና በቡሬ ወደ አሰብ ይሄዳል።

ጋሼ «አቁም» አሉ። ወርደው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሙ። የቡሬ ድንበር መስከረም 1 ቀን ከሃያ ዓመት በኋላ መከፈቱን በቴሌቪዥን አይተው ቀኑን ሙሉ ሳይናገሩ እንደዋሉ ሚስታቸው ነግረውኛል። አሁንም ብዙ አልተናገሩም። እዚያ ጋር ሻይ ቤት ነበረ፤ እዚያ ጋር የጓደኛቸው ተሳቢ ተገልብጦ ሦስት ቀን ጠብቀውታል፤ አሰብ ገብተው ባሕሩ ውስጥ እግራቸውን ሳይነክሩ ዕቃ አይጭኑም ነበር። ይኸው ነው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመለሱና በሹፌሩ በር በኩል ቆሙ።

ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ከሰርዶ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት ብዬ ልግለጸው። መሬቱ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ መካከል ወርቅማ ሣር እንደ ፀጉር በቅሏል። ከዚያ ሣሩም ይቀራል። ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ እንደገና የቀለጠና የረጋ ድንጋይ እስከ ዓይን መጨረሻ። በስተምዕራብ በኩል ባለው አገር መስከረም 1998 ዓ.ም. መሬት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ተላቃለች። ምድር ገና እየተሠራች ያለችበት ቦታ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አስፋልቱ ባዶ ነው፤ በሰዓት ሁለት ወይም ሦስት የጨው መኪና ብቻ። ጋሼ መሪውን በሁለት ጣት ይዘው፣ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው ይነዳሉ። ማርሽ ሲቀይሩ አይሰማም። ፍሬን አይነኩም፤ ቁልቁለቱን በማርሽ ብቻ ይወርዳሉ። እኔ ስድስት ዓመት የነዳኋት መኪና እንደዚህ ለስልሳ ስትሄድ አይቼ አላውቅም።

በስልኬ ላይ የከፍታ መለኪያ ከፍቼ ነበር። 300፣ 200፣ 90። ዜሮ ስትሆን ጮኬ ነገርኳቸው። ከዜሮ በታች መቁጠር ጀመረ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይመታል፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ መርገጫውን ትንሽ ሲነኩት ትፈተለካለች። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ዕድሜዋን የገፋች መኪና ከባሕር ወለል በታች ወደ 100 ሜትር ወርዳ ወጣት ሆነች። ጋሼም እንዲሁ፤ ይህን ለማለት አልፈራም።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ታየ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ በጥቁር ድንጋይ ተከቦ፣ ዳር ዳሩን የጨው ማድረቂያ ኩሬዎች ነጭ ሆነው። ከተማዋ መግቢያ ላይ መታወቂያ የጠየቀን ወጣት ሚሊሻ ገና ሳንናገር «ሚሌ በታች የቆመችው ናት?» አለ። ዳጉ በአንድ ሌሊት ከእኛ ቀድሞ ገብቷል።

ያሳደሩን የከሚሴ ተወላጅ የሆኑ ሴት ናቸው፤ አፍዴራ ላይ ምግብ ቤት ከከፈቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። በገመድ የተታታ አልጋ ውጪ ተዘርግቶ 60 ብር፤ ሁለት ሊትር ውሃ 35 ብር፤ አዲስ አበባ ከምገዛበት ዋጋ ብዙ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ያ ውሃ የመጣበትን መንገድ አሁን አውቀዋለሁ። ረቡዕ ስለነበር ለጋሼ ሽሮ ጠየቅን። «አባባ፣ እዚህ የሚጾም እንግዳ ስለማይበዛ ሽሮዬን ለራሴ ነው የማስቀምጠው፤ ለእርስዎ ግን እሠራለሁ» አሉ። ሽንኩርቱን በልግስና ከትፈው ሠሩልን። ሙስሊም ሆነው የጾሙን ቀን ከእኔ በተሻለ ቆጥረው ያውቁ ነበር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጎደል ያለች ጨረቃ ወጣች። ኩሬዎቹ ሁሉ አንድ ላይ በሩ።

ሐሙስ፣ ጥር 16፤ አፍዴራ

የጨው ሥራው ማለዳ ነው። የሐይቁን ውሃ በሞተር እየሳቡ ወደ ጥልቀት የለሽ ኩሬዎች ይለቁታል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ የቀረውን ጨው እየሰበሰቡ ይከምሩታል፣ በጆንያ ይሞሉታል። ሠራተኞቹ ከደጋ የመጡ ብዙዎች አሉባቸው። አንዱ እጁን አሳየኝ፤ መዳፉ ተሰነጣጥቆ ጨው ገብቶበታል። እናቴ ወጥ ላይ ቆንጠር አድርጋ የምትጨምረው ጨው ከዚህ እጅ አልፎ የሚመጣ መሆኑን አይቼ ነው የተመለስኩት።

ከሐይቁ ዳር ፍል ውሃ ይፈልቃል። የሁለት ቀን አቧራችንን ታጠብን። ከዚያ ሐይቁ ውስጥ ገባሁ፤ ጨዋማው ውሃ ሰውነትን ወደ ላይ ይገፋል፣ መስጠም አይቻልም። ጋሼ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሎግያ ተመለስን፤ መንገዱ ላይ ፎጣውን ሦስት ጊዜ አራስን፣ አንድም ጊዜ አልቆመችም።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ጥር 17 እና 18፤ መልስ

ገዋኔ አጠገብ ለጥላ ብዬ ከመንገድ ወጥቼ ፕሮሶፒስ ሥር ቆምኩ፤ ሁለት እሾህ ጎማውን በሳው። ጋሼ አስቀድመው «ከዛፉ ራቅ» ብለውኝ ነበር። በስኮርታው፣ በትርፍ ጎማው፣ ገዋኔ ገባን። ጎሚስታው ካላማዳሪውን ለጥፎ 60 ብር ተቀበለ፤ ሻይ ጋብዞን በዋጋው ውስጥ አልቆጠረውም። አንድ ሊትር የግመል ወተት በ40 ብር ገዛን፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ ቀዝቃዛ።

ቅዳሜ ከአዳማ በኋላ የፍጥነት መንገዱን ትተን በሞጆና በቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ወጣን። ከፍታው ሲጨምር ድምፁ እየተዘጋ ሄደ። ዱከም ላይ ሦስተኛ ማርሽ፤ ቃሊቲ ስንደርስ ሰፊዋ ቀዳዳ ለስሱ አየር በዝታ ጥቁር ጭስ ከኋላችን ይወጣ ነበር። ጋሼ «ደረስን» አሉ፤ ደስ ሳይላቸው።

ሰኞ ወደ ጋራዡ ወሰድኳት፤ ጋሼም ሳልጠራቸው መጡ። መካኒኩ የአየር ማጣሪያውን ሲከፍት ከታች ያለው ዘይት የአፋርን አቧራ ሁሉ ይዞ ጭቃ ሆኗል። ጠርጎ፣ አዲስ ዘይት ጨምሮ፣ ጠባቧን የናስ ቁራጭ ከወረቀቷ አውጥቶ መለሳት። ሰፊዋን ወደ ዕቃ ሣጥኑ ሊወረውር ሲል ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። በዚያው ወረቀት ጠቅልለው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱ፣ ኪሱን ቆለፉ።

«ለአሰብ ታስፈልገናለች» አሉኝ።